አረቄ በጣሳ አይጠጣም

ሱሉልታ ከገባን 4 ዓመታችን ነው። ከእንጦጦ ጀርባ ስለሆነ ብርዱ ከመሃል አዲስ አበባ ይለያል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጠዋት በር ስትከፍቱ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ታገኙታላችሁ። በዚያ ሰሞን እኛ ቤት አፍንጫው ያልታፈነ ሰው የለም።

ልጆች ሳለን ጉንፋን ሲይዘን የእናቴ መድኃኒት አንድ ነበር። ለጋ የባህር ዛፍ ቅጠል በድስት ታፈላና በጋቢ ሸፍና ታጥነን ነበር። ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። ስለዚህ ፒያሳ አንድ ሱቅ ውስጥ «የባህር ዛፍ ዘይት» የተጻፈባት ትንሽ ቡናማ ጠርሙስ ሳይ ሁለቴ አላሰብኩም። ቅጠል ከመልቀምና ከማፍላት ተገላገልኩ አልኩ።

ስህተቴ እሱ ነበር። ቅጠሉን ስለማውቀው ዘይቱንም የማውቀው መሰለኝ።

ያኔ ልጄ 2 ዓመቱ ነው። አንድ ሌሊት ሳሉ አላስተኛ አለው። ዘይቱን መዳፌ ላይ አፍስሼ ደረቱን አሸሁት፤ ከአፍንጫው ሥርም ቀባሁት። ብዙም ሳይቆይ ደረቱ በርበሬ መሰለ። እየጮኸ በጥፍሩ ይቧጥጠዋል። ሳሉም ባሰበት፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ አለ። በውሃ ባጥበው ባጥበው አልለቅ አለኝ። አቅፌው ጤና ጣቢያ ሮጥኩ።

ነርሷ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ውጦታል?» ብላ ነው። አልዋጠም። ትንሽ ልጅ ይህን ዘይት ጥቂት እንኳ ቢውጥ ሊያንቀጠቅጠውና ራሱን ሊያስተው እንደሚችል ከእሷ ነው የሰማሁት። ፊቱ አካባቢ መቀባትም የሕፃን ትንፋሽ ያውካል አለችኝ። ደረቱን በምግብ ዘይት አርሳ ጠረገችው፣ ከዚያ በሳሙና አጠበችው። ዘይት የሚለቀው በዘይት ነው ለካ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ትንፋሹ ተስተካከለ። ቅላቱ ግን 3 ቀን ቆየ። በእነዚያ 3 ቀናት ልብሱን በቀየርኩለት ቁጥር አለቅስ ነበር።

ነገሩ በደንብ የገባኝ ጎረቤታችን እማማ አረቄ ሲያወጡ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ነው። ድፍድፉ እሳት ላይ ይፈላል። እንፋሎቱ በመቃው ያልፋል። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተቀመጠው ዕቃ ጋ ሲደርስ ጠብ ጠብ ይላል። የባህር ዛፍ ዘይትም የሚወጣው በዚሁ ዘዴ ነው። እንፋሎት በቅጠሉ መሃል ያልፍና ዘይቱን ይዞ ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ከውሃው በላይ ይንሳፈፋል። ከ100 ኪሎ ቅጠል የሚገኘው 1 ወይም 2 ኪሎ ቢሆን ነው። እናቶቻችን ጎብጠው ከእንጦጦ የሚያወርዱትን የቅጠል ሸክም አስቡት። ከዚያ ሁሉ ሸክም የሚወጣው ዘይት ጥቂት ነው። ይህንን ለእማማ ስነግራቸው፣ እሳቱን እየቆሰቆሱ «ታዲያ ልጄ፣ አረቄ በጣሳ ይጠጣል እንዴ?» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እስካሁን አልሰማሁም።

አሁን የምለካው በጠብታ ነው። አዋቂ ሲታፈን አንድ ሳህን ሙቅ ውሃ ላይ 2 ጠብታ አደርጋለሁ። ዓይን ጨፍኖ፣ ፊትን ከሳህኑ ራቅ አድርጎ፣ 5 ደቂቃ መታጠን ይበቃል። ልጄን አላጥነውም፤ ዘይቱ ቢቀር እንኳ የፈላ ውሃ ለሕፃን አደጋ ነው። ለእሱ ሞቅ ያለ ፈሳሽ እሰጠዋለሁ፣ አፍንጫውን አጸዳለታለሁ፣ በቃ።

ባለቤቴ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ነው የሚሠራው። ማታ እግሩን በጠጅ ሳር ዘይት አሽለታለሁ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት ውስጥ ቢበዛ 6 ጠብታ ነው የምጨምረው። መጀመሪያ የክንዱ መታጠፊያ ላይ ትንሽ ቀብቼ አንድ ቀን ጠብቄያለሁ። ሳይበጠበጥ ቆዳ ላይ የሚያርፍ ዘይት ከእንግዲህ ቤቴ የለም። የሚጠጣም የለም፤ «ለጨጓራ አንድ ጠብታ ዋጥ አድርጊ» የሚሉኝ አሉ፣ አልሰማቸውም። ለእንቅልፍ ደግሞ ትራሴ ጥግ ላይ አንድ ጠብታ የላቬንደር አበባ ዘይት አደርጋለሁ። ደስ ይለኛል። የሚያስተኛኝ ሽታው ይሁን ወይስ በዚያ ሰዓት ስልኬን አጥፍቼ መተኛቴ፣ ለይቼ መናገር አልችልም። ጠርሙሶቹን ፀሐይ በማይደርስበት ቁም ሳጥን አናት ላይ፣ የልጅ እጅ ከማይደርስበት አስቀምጣለሁ። ዘይቱ ሲያረጅ ቆዳን ይበልጥ ስለሚያሳክክ የከፈትኩበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ እጽፋለሁ።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ግን ቅር ይለኛል። አምና አማቴ ሳል ጀመራቸው። ማታ ማታ በባህር ዛፍ ሲታጠኑ ቀለል ይላቸዋል፣ ይተኛሉ። እኛም ተሻላቸው ብለን ዝም አልን። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ቀሚሳቸው እንደሰፋቸው አየሁና ደነገጥኩ። ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው መመርመር እንዳለበት ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ! አክታቸው ሲመረመር ቲቢ ሆኖ ተገኘ። ልጄ እዚያው ቤት ነው፣ እኛም እንደዚያው። ሁላችንም ተመረመርን። መድኃኒቱ በነጻ ነው፣ 6 ወር ሳያቋርጡ ወስደው ዳኑ። ዘይቱ አፍንጫቸውን እየከፈተ እኛን ግን አዘናግቶን ነበር። ያንን ሦስት ሳምንት ባስታወስኩ ቁጥር ያመኛል።

አማቴ አሁንም ብርድ ሲሆን መታጠን ይወዳሉ። ሳህናቸውን ይዘው ማድ ቤት ይመጣሉ፣ እኔ ጠርሙሷን ከላይ አወርዳለሁ።

«ምነው ልጄ፣ ትንሽ ብትጨምሪበት?» ይሉኛል።

«ይበቃል እማዬ» እላቸውና ክዳኑን ጥብቅ አድርጌ እዘጋለሁ።