192.168.1.5 ላይ ማን አለ?

እኛ ቤት ሁሉም ነገር ቋሚ ቦታ አለው። ጀበናው፣ የአባቴ ጋቢ፣ ሪሞቱ ሳይቀር። አድራሻው የሚቀያየረው ፕሪንተሩ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ከቡፌው ላይ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም።

ላፕቶፔ ፕሪንተሩን የሚያውቀው በ192.168.1.5 ነው። ይህን ቁጥር ያደለው የቤቱን ዕቃዎች በኔትወርክ የሚያገናኘው ሳጥን፣ ራውተሩ ነው። ራውተር ደግሞ እንደ አልቤርጎ ተረኛ ነው፤ ቀድሞ ለደረሰ ባዶ ያገኘውን ክፍል ይሰጣል፣ ያውም ለተወሰነ ሰዓት። የእኛው ይባስ ብሎ መብራት በጠፋ ቁጥር መዝገቡንም ይረሳል። ደሴ ላይ መብራት ስንቴ እንደሚጠፋ እናንተው ታውቁታላችሁ።

ያን ቀን መብራት ሲጠፋ፣ ተመልሶ ሲመጣ እንዳይቃጠል ብዬ ፕሪንተሩን ነቀልኩት። መብራት ሲመጣ ኳስ ነበርና ቤተሰቡ የተሯሯጠው ወደ ቴሌቪዥኑ ነው። ቴሌቪዥኑ ቁጥር 5ን ወሰደ። ፕሪንተሩ ዘግይቶ ሲሰካ ሌላ ቁጥር ደረሰው። ኮምቦልቻ ያለው የአክስቴ ቴሌቪዥንም 192.168.1.5 ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩ የሚሠራው በየቤቱ ውስጥ ብቻ ስለሆነ ከእኛ ጋር አይጋጭም። የእኛዎቹ ግን አንድ ሳሎን ውስጥ ተነጣጠቁ።

እኔ ይህን መች አወቅኩ! ለሥራ ማመልከቻ ሲቪዬን ላትም «ፕሪንት» እላለሁ፤ ዝም። ደግሜ እላለሁ፤ ዝም። ለካ ሲቪዬን የምልከው ለቴሌቪዥኑ ኖሯል። እሱ እቴ፣ ኳሱ ላይ ነው።

ሲሰለቸኝ ፍላሼን ይዤ በዚያ ጉምና ጭቃ ፒያሳ ወረድኩና አሳተምኩ። መንገድ ላይ አንዲት ጎረቤት አስቆሙኝ። «አንተ ኮምፒውተር ተምረህ የለ? ምጣዴ አልሞቅ ብሏል፣ ብቅ በልና እየው።» በቃ ኮምፒውተር ተማረ ከተባልክ ሶኬት ያለው ነገር ሁሉ ያንተ ነው። ምጣድ! ሄጄ አየሁት ደግሞ።

እሁድ ጎረቤት ለቡና ተሰበሰበ። ቶናው ላይ መብራቱ ድርግም አለና ተመልሶ መጣ። እንግዳ ስላለ ቴሌቪዥን የከፈተ የለም። ፕሪንተሩንም የነቀለው የለም። ቁጥር 5 ባዶ ነበርና ዘው አለበት። ላፕቶፑም ወረፋ ሲጠብቁ የከረሙትን ወረቀቶች በሙሉ ለቀቃቸው።

ጉርርር አለ። መጀመሪያ የወጣው ፎቶዬ ነው። ትከሻው እስከ ክንዴ የሚወርደውን የአጎቴን ኮት ለብሼ የተነሳሁት። ተንሸራቶ ቄጠማው ላይ አረፈ። ሐጂ አነሱትና መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡ፦ «የኔትወርክ ችግር በመፍታት የዳበረ ልምድ ያለው።» ቀና ብለው አዩኝ። ሌላ ቅጂ እግራቸው ሥር ወደቀ። ሌላም።

«አብሽር ልጄ» አሉ፣ «መቼም ልምዱ ብዙ ነው።»

ዘልዬ ስነቅለው ቡፌው ሥር ወረቀት ተከምሯል። እናቴ ደግሞ ከሰሉ አልያያዝ ብሏት ነበር። አንዱን አንስታ እጥፍ አደረገችና በፊቴ ታራግብ ጀመር። በገዛ ፊቴ! ከሰሉ ፍም ሆነ። «ነፋሱ እንዴት ያለ ነው!» አሉ ሴቶቹ። በረካው ተጠጥቶ ሲመረቅ ሁሉም አንዳንድ ይዞ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ሰፈር ውስጥ ቡና በተፈላበት ሁሉ አለሁ። አንድ ቤት ግራ ዓይኔ ተቃጥሏል። ሌላ ቤት ግንባሬ ላይ በርበሬ አለ። የምጣዷ ባለቤት የድስት ማውረጃ አድርገውኛል። በቀደም ሸዋ በር ቆሎ ገዝቼ ጥቅልሉን ስፈታ «የትምህርት ደረጃ» ይላል። ያመለከትኩበት መሥሪያ ቤት ብቻ ነው እስካሁን ያላነበበው መሰለኝ፤ ስልክ እንኳ አልደወሉም።

አሁን ራውተሩ የሚያድለውን ከ100 እስከ 200 ባለው ወሰንኩት፤ ለፕሪንተሩ ደግሞ ከዚያ ውጭ 192.168.1.50ን በእጄ ሰጠሁት። ላፕቶፑም በዚሁ ቁጥር ያውቀዋል። መብራት ቢጠፋ ቢመጣ ወዲያው ያትማል። እናቴም ይህን ሰምታለች።

«እንግዲያው ማራገቢያዬ አልቋል፣ አንድ አውጣልኝ» አለችኝ ትናንት። «አሁን ግን ወፈር ያለ ወረቀት ላይ ይሁን።»