ጥርስ ላስተክል ሄጄ ስለ አጥንት ተምሬ ወጣሁ

የታችኛው መንጋጋ ጥርሴ ተሰነጠቀ። ስንጥቁ እስከ ሥሩ ስለወረደ የሥር ሕክምናም ክራውንም (ጥርሱን እንደ ቆብ የሚሸፍን ልባስ) አያድነውም ተብሎ ተነቀለ። ከኋላ ስለሆነ ስስቅ አይታይም። ታዲያ አንድ ጥርስ ቢጎድል ምን ችግር አለው? ችግሩ ጎረቤቶቹ ናቸው። በጊዜ ብዛት ግራና ቀኝ ያሉት ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፤ ከላይ ያለውም የሚገጥመው ሲያጣ ወደ ታች ይወርዳል። አጥንቱም ጥርስ ካልያዘ እየሳሳ ይሄዳል፤ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት።

ዶክተሯ ሦስት አማራጭ ነገረችኝ። የሚወልቅ ጥርስ፣ ብሪጅ (ግራና ቀኝ ባሉት ጥርሶች ላይ የሚታሰር ሰው ሠራሽ ጥርስ) እና ኢምፕላንት (አጥንት ላይ የሚተከል)። የሚወልቀው ርካሽና ፈጣን ነው፤ ለአንድ ጥርስ ብዬ ማታ ማታ ማውለቁን ግን አልፈለግኩትም። ብሪጅ ቀዶ ሕክምና የለውም፣ ቶሎም ያልቃል። ግን ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶች ተሞርደው ክራውን ይለብሳሉ። የኔዎቹ ምንም ያልነካቸው ጤነኞች ነበሩ። ጤነኛ ጥርስ ማስሞረድ አላስቻለኝም። ጎረቤቶቹ ድሮውንም ክራውን የሚያስፈልጋቸው ቢሆኑ ኖሮ ያለ ጥርጥር ብሪጁን እመርጥ ነበር። ስለዚህ ኢምፕላንቱን መረጥኩ።

ኢምፕላንት ስንል ብዙዎቻችን የምናስበው አጥንት ውስጥ የሚገባውን የቲታኒየም ብሎን ነው። እውነትም በብዛት የሚሠራው እሱ ነው። ሌሎችም አሉ። አጥንቱ በጣም ለሳሳበት ሰው ከድዱ ሥር፣ አጥንቱ ላይ እንደ ኮርቻ የሚቀመጥ የብረት ፍሬም አለ። የላይኛው አጥንት ጨርሶ ላለቀበት ደግሞ ጉንጭ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ረጅም ብሎን ይተከላል። ከ3 ሚሊ ሜትር የቀጠኑ ሚኒ የሚባሉም አሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚወልቅ ጥርስ እንዳይንሸራተት ይይዛሉ። ብረት ለማይፈልግ ከዚርኮኒያ (ነጭ ሴራሚክ) የተሠራ አለ። ሁሉንም ጥርስ ላጣ ሰው ለእያንዳንዱ ብሎን አያስፈልገውም። ታች ሁለት ተተክለው የሚወልቀው ጥርስ እላያቸው ላይ ይቆለፋል፤ ወይም በአራት ብሎን ሙሉ ረድፍ ይታሰራል።

እኔ የመጣሁት ዓይነት ልመርጥ ነበር። መራጩ ግን አጥንቴ ሆኖ ተገኘ። በሦስት አቅጣጫ የሚያሳይ ሲቲ ስካን ተነሳሁ። ከታችኛው መንገጭላ ውስጥ የሚያልፍ ነርቭ አለ፤ እሱ ከተነካ ከንፈርና አገጭ ሊደነዝዝ ይችላል። ስለዚህ ብሎኑ ከነርቩ ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲርቅ ተደርጎ ይለካል። የኔ አጥንት ቁመቱ በቂ ነው፣ ስፋቱ ግን ሳስቷል ተባለ። ስለዚህ በተተከለበት ዕለት ጎኑ ላይ ትንሽ የአጥንት ንቅለ ተከላ ተጨመረልኝ። ይሄ ከምን እንደሚሠራ ጠይቁ። ከራስ፣ ከሌላ ሰው ወይም ከከብት አጥንት ሊሆን ይችላል፤ በፋብሪካ የሚሠራም አለ። ማወቅ መብታችሁ ነው።

ቀዶ ሕክምናው ከፈራሁት ቀለል ብሎ አለፈ። ማደንዘዣው ከያዘ በኋላ የቀረው ንዝረትና ውሃ ብቻ ነው። ውሃው አጥንቱ እንዳይግል ነው፤ 47 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከደረሰና ትንሽ ከቆየ አጥንቱ ይጎዳል። ማታ ላይ ጉንጬ አበጠ፣ በረዶ ያዝኩበት፣ አለፈ።

የሚያሰለቸው መጠበቁ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ይፈጃል። አጥንቱ በብሎኑ ላይ አድጎ እስኪይዘው ነው። ይህን የቲታኒየም ጠባይ ያስተዋለው ስዊድናዊው ፔር ኢንግቫር ብሮነማርክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ጥንቸል አጥንት ውስጥ ያስገባው ቲታኒየም አልነቀል አለው። እ.ኤ.አ. በ1965 የመጀመሪያውን ሰው አከመ። እኔም «ቶሎ አያልቅም?» ብዬ ስነዘንዝ ዶክተሯ የነገረችኝ ይህንኑ ታሪክ ነበር።

በመጨረሻ ብሎኑንና ክራውኑን የሚያገናኘው መያዣ ታስሮ፣ ልክ ተወስዶ፣ ክራውኑ ተገጠመ። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ክራውኑ የሚታሰረው በትንሽ ብሎን ነው ወይስ በሙጫ? የኔ በብሎን ነው። ቢላላ ወይም ቢሰበር ይፈታል። ሙጫው ደግሞ ከድድ ሥር ትርፍራፊ ከቀረ ድዱን ያስቆጣል።

ሲጋራ የምታጨሱ፣ ስኳራችሁ ያልተስተካከለ፣ መንገጭላ አካባቢ የጨረር ሕክምና የወሰዳችሁ ወይም ለአጥንት መሳሳት መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ዕቅዱን ሊቀይረው ይችላል።

ኢምፕላንት አይበላም፣ አይቦረቦርም፤ በዙሪያው ያለው ድድና አጥንት ግን ሊታመም ይችላል። ከዚያ ብሎኑ እየላላ ሊወጣ ይችላል። ክፉነቱ ብዙ ጊዜ አያምም። ስለዚህ በየቀኑ በክር አጸዳዋለሁ፣ ለምርመራም እመላለሳለሁ። የብሎኑን ስምና መጠንም አስጽፌ ይዣለሁ። ነገ ሌላ ሐኪም ጋ ብሄድ የሚገጥመውን መፍቻና ዕቃ የሚያገኘው በዚያ ወረቀት ነው።