ሽቦው የተበጠሰው ከቋጠሮው ጫፍ ነበር

አምና ክረምት ከአጋሮ ወደ ጅማ ስመለስ መሸብኝ። ዝናቡ ይወርዳል። የኮሮላዬ የግራ መብራት መጀመሪያ ደበዘዘ፣ ከዚያ ድርግም ብሎ ቀረ። ቀሪውን መንገድ በአንድ መብራት ነው የጨረስኩት።

ጠዋት ኮፈኑን ከፈትኩ። ከባትሪው አጠገብ፣ ድሮ የመብራቱን ሽቦ ራሴ ጠምዝዤ ቀጥዬ በናስትሮ የጠቀለልኩት ቋጠሮ አለ። ናስትሮው ሙጫ ሆኖ ጣቴ ላይ ቀረ። ውስጡ መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ለብሷል። ነካ ሳደርገው መብራቱ መጣ። በቴስተር ከቋጠሮው ወዲህና ወዲያ ስለካው 1 ቮልት ገደማ እዚያው ይቀራል። 55 ዋት አምፖል በ12 ቮልት ከ4 አምፔር በላይ ይስባል። ስለዚህ 4 ዋት ያህል ቋጠሮውን ሲያሞቀው ኖሯል።

በሊድ በየድኩት። ሁለት ወር ሳይሞላ ተበጠሰ። ብየዳው ግን አልተነካም፤ የተቆረጠው ልክ ሊዱ ከሚያልቅበት ነው። መርካቶ ያሉ አንድ አዛውንት ኤሌክትሪሺያን አይተው፣ «ልጄ፣ ሊዱ በክሮቹ መሃል ወደ ፕላስቲኩ ውስጥ ይሳባል። እዚያ ድረስ ሽቦው ይደርቃል። ሞተሩ ሲያንቀጠቅጠው ሁሌ አንዱ ቦታ ላይ ይታጠፋል» አሉኝ።

አሁን የባትሪውን ኔጌቲቭ ሳልነቅል አልጀምርም። አረንጓዴው በፕላስቲኩ ውስጥ ርቆ ስለሚሄድ፣ የሚያብረቀርቅ መዳብ እስካገኝ እቆርጣለሁ። ያኔ 10 ሴንቲ ያህል ጥዬ፣ እኩል ውፍረት ባለው አዲስ ሽቦ ተካሁ። 2 ሴንቲ እልጣለሁ። በሙቀት የሚኮማተረውን ላስቲክ ቀድሜ አስገባለሁ፤ በኋላ መግቢያ የለውም። ሁለቱን ጫፎች አጣምሬ አንዱን በሌላው ላይ ጥብቅ አድርጌ እጠመጥማለሁ። ሹል ጫፍ ላስቲኩን ስለሚበሳ በፒንሳ እጫነዋለሁ። ካውያው፣ ማለትም ሊድ ማቅለጫው፣ መዳቡን ከሥር ያሞቃል፣ ሊዱን የማስነካው መዳቡን ነው። ሲቀልጥና ሲገባ ካውያውን ወዲያው አነሳለሁ። እስኪቀዘቅዝ አላነቃንቀውም። የራዲያተር በያጆች የሚጠቀሙበትን አሲድ ግን በፍጹም፤ መዳቡን ቆይቶ ይበላዋል።

ላስቲኩ ውስጡ ሙጫ ያለው ቢሆን ይሻላል። ሙጫው በሁለቱም ጫፍ ብቅ እስኪል አሞቀዋለሁ። ከዚያ ሽቦውን ከቋጠሮው ግራና ቀኝ በፕላስቲክ ማሰሪያ አስራለሁ፣ እንዳይወዛወዝ።

ዘንድሮ ክረምቱ ሲወጣ ኮፈኑን ከፍቼ አየሁት። የሙጫው ጠርዝ እንዳለ ነው። መብራቱን አብርቼ ከቋጠሮው ወዲህና ወዲያ ስለካ ቴስተሩ ዜሮ አካባቢ ቆመ።