ከሚጥል በሽታ ቀዶ ሕክምና በፊት ክራሩን ቅረጹት

የሚጥለው ሰው ክራር መቺ ወይም ዘማሪ ሲሆን ቤተሰቡ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ «ይተወዋል?» እና «ዜማውስ ይቀርለታል?»።

የመጀመሪያው ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ የካናዳ ጥናት 80 ታማሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ከአንድ ዓመት በኋላ ራስን ከሚያስት መጣል ነፃ የሆኑት ከቀዶ ሕክምናው ወገን 58 በመቶ፣ መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት ደግሞ 8 በመቶ ነበሩ። ቀዶ ሕክምና የሚታሰበውም በትክክል ተመርጠው በበቂ መጠን የተወሰዱ ሁለት መድኃኒቶች አልሠራ ሲሉ ነው።

ሁለተኛው ያስቸግራል። በብዛት የሚወጣው በጆሮ አቅጣጫ ያለው ቴምፖራል ሎብ የፊት ክፍሉ ሲሆን፣ አዲስ ትውስታ የሚያስይዘው ሂፖካምፐስም አብሮት ይወጣል። ግራው ከሆነ በአብዛኛው ሰው የሚጎዳው ቃል ነው፤ የሰፌድና የሙቀጫ ስም ምላስ ላይ ይቀራል፣ አዲስ ግጥም አልያዝ ይላል። «ቀኙ ነው፣ ችግር የለውም» ይባላል። ለሙዚቀኛ ይህ ማጽናኛ አይሆንም። የአንጎል ተመራማሪዋ ብሬንዳ ሚልነር እ.ኤ.አ. በ1962 ያሳተመችው ሥራ ቀኙ የወጣላቸው ሰዎች ዜማ በማስታወስና የድምፅ ቀለም በመለየት እንደሚደክሙ አሳይቷል። የተለመደው የአእምሮ ምርመራ ግን ቃልና ሥዕል እንጂ ቅኝት አይጠይቅም።

ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ታማሚው ከሆስፒታል ወጥቶ የለመደውን ዘፈን ሲመታ ጣቱ አይስትም፤ «ምንም አልሆነም» ይባላል። የጣት ልማድ ሌላ ቦታ ነው የሚቀመጠው። እ.ኤ.አ. በ1953 በቀዶ ሕክምና ሁለቱም ሂፖካምፐሶቹ የተነኩበት ሄንሪ ሞላይሰን አዲስ ነገር ማስታወስ ቢያቅተውም በመስታወት እያየ መሳል ተምሯል፤ መማሩን ግን አያስታውስም ነበር። ስለዚህ መፈተን ያለበት አዲስ ዜማ ነው።

ኋላ የምታነጻጽሩበት እንዲኖር ከቀዶ ሕክምናው በፊት፣ ሐዋሳ ላይ ባጃጅ ሳይበዛ በማለዳ ስልኩን ከክራሩ አንድ ክንድ ያህል አርቃችሁ ቅረጹ። ክራሩን በትዝታ ቃኙ። ስድስት ድምፅ ያለው፣ ታማሚው ሰምቶት የማያውቅ ዜማ ምቱና ሁለት ሰከንድ ቆይታችሁ ድገሙት፤ አንዳንዴ እንዳለ፣ አንዳንዴ አንድ ድምፅ ለውጣችሁ። 20 ጥንድ ይበቃል፣ 10ሩ የተለወጡ ይሁኑ። ዝም ብሎ የገመተ ሰውም ወደ 10 ስለሚያገኝ 11 እና 12 እንደ ውጤት አይቆጠሩም። ቀጥሎ ሦስተኛውንና አምስተኛውን ድምፅ በግማሽ ቶን ዝቅ አድርጉ፤ ሜጀሩ ትዝታ ማይነር ሆነ። ልዩነቱን ይሰማዋል? ከዚያ ክራር፣ ማሲንቆና ዋሽንት ሦስት ሦስት ሰከንድ አሰሙትና የየትኛው ድምፅ እንደሆነ ይንገራችሁ። በመጨረሻ አንድ አዲስ ዜማ አስተምሩትና ከ30 ደቂቃ በኋላ እንዲያንጎራጉረው ጠይቁ። በ15 ቃላትም እንዲሁ አድርጉ፤ አምስት ጊዜ አንብቡለት፣ ከ30 ደቂቃ በኋላ ስንቱን እንደያዘ ቁጠሩ።

በጣለው ማግስት አትፈትኑት፤ ያን ቀን ትውስታው ከወትሮው የደከመ ነው።

ከቅጂው ጎን የመድኃኒቱን ስም፣ መጠንና የተወሰደበትን ሰዓት ጻፉ። ብዙ ሰው ይህን ይዘላል፣ ኋላ የሚያከራክረውም ይኸው ነው። ፌኖባርቢታል ሐሳብን ያዘገያል፤ ቶፒራሜት ቃል ያጠፋል። ካርባማዜፒን ደግሞ በአንዳንድ ሰው ላይ የሚሰማውን ድምፅ ግማሽ ቶን ያህል ዝቅ ያደርገዋል፤ በተለይ ድምፅን ያለ ማነጻጸሪያ በሚለዩ ሰዎች ላይ ታይቷል። እንዲህ ያለው ሰው «ክራሩ ወርዷል» እያለ መቃኛውን ያጠብቃል፣ ለሌላው ጆሮ ግን ክራሩ ደህና ነው። ይህን ያመጣው ቀዶ ሕክምናው አይደለም፤ መድኃኒቱ ሲቆም ይመለሳል። በስልክ የክራር መቃኛ መተግበሪያ አረጋግጡና ለሐኪሙ ንገሩ። በራስ ውሳኔ ማቆም ግን ተከታታይ፣ ለሕይወት የሚያሰጋ መጣል ሊያመጣ ይችላል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ሳምንታት እብጠትና ድካም ስላለ አትፍረዱ። በሦስት ወርና በዓመቱ ድገሙት፣ ዜማዎቹንና ቃላቱን ለውጣችሁ፤ አለዚያ የምትለኩት ልምምድን ይሆናል። ፍቅር ሐይቅ ዳር ሲሄድ ቅርንጫፍ እየመታው ከሆነ ደግሞ ዓይኑን አስመርምሩ፤ ከተነካው ጎን በተቃራኒ ያለው የላይኛው ሩብ እይታ ሊጠፋ ይችላል፣ ታማሚውም ላያውቀው ይችላል።

ቅጂውን ስልኩ ላይ ብቻ አትተዉት፤ ስልክ ይሰረቃል። ቀኑን ጽፋችሁ ለሁለት ሰው በቴሌግራም ላኩት።