በሩ ጠርዝ ላይ ያለው ቁጥር

ዛሬ ግማሽ ቀን ፒክአፑ ሥር ተኝቼ ዋልኩ። እጄን ሦስት ጊዜ ታጥቤዋለሁ፤ ግራሶው ግን ጥፍሬ ሥር እንደተቀመጠ ነው። ደክሞኛል፣ ደስ የሚል ድካም ነው። እንቅልፍ ሳይወስደኝ በፊት ይህቺን መኪና ከገዛኋት ጀምሮ የጨመርኩላትንና መልሼ የነቀልኩላትን ልጽፈው አሰብኩ።

ፎርድ ኤፍ-150 ናት። ባለ አራት በር፣ ፎር ባይ ፎር፣ አጭሩ የጭነት ሳጥን ያላት። ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ወደ 5.9 ሜትር ትጠጋለች። ወርዷ መስታወቶቹ ሳይቆጠሩ 2 ሜትር ያህል ነው። ይህ ሁሉ ርዝመት ኖሯት የጭነት ሳጥኗ ከ1.7 ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ሌላውን ሰውና ሞተር ወስዶታል። የገዛኋት ለሥራ ነበር። ዕቃ ላመላልስባት፣ አልፎ አልፎ ተሳቢ ልጎትትባት። ግን መኪናዋ ደጄ ቆማ እጄ እንዴት ይረፍ? ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ምን ልጨምርላት፣ ምን ልቀይርላት እያልኩ ስዞራት ነው የከረምኩት።

መጀመሪያ የገዛሁላት ነገር ከታች ማግኔት ያለው የእጅ መብራት ነው። ማታ ማታ ዕቃ ሳወርድ የሳጥኑ ጎን ላይ ልለጥፈው ብዬ። አስጠጋሁት፣ ተንሸራትቶ ወደቀ። በሩ ላይ ሞከርኩት፣ ወደቀ። ኮፈኑም ላይ አልያዘም። ኋላ ነው የገባኝ፤ ኤፍ-150 ከ2015 ሞዴል ጀምሮ ቦዲዋና የጭነት ሳጥኗ የሚሠራው ከአሉሚኒየም ነው። ማግኔት የሚይዘው ከሥር ያለው ሻንሲ ብቻ ነው፣ እሱ ብረት ስለሆነ። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ለእኔ ግን ብዙ ነገር ቀየረ። ተራ የብረት ብሎን አሉሚኒየም ላይ አጥብቆ ውሃ ካገኘው፣ በተለይ ጨው ያለበት ውሃ ከሆነ፣ አሉሚኒየሙ ብሎኑ ዙሪያ ነጭ ዱቄት እያወጣ ይበላል። ስለዚህ ሳጥኑ ላይ የማስረው ነገር ሁሉ በሁለቱ መካከል የፕላስቲክ ወይም የጎማ ሮንዴላ ይገባበታል። መብሳትንም ፈራሁ። ፋብሪካው ራሱ የተወው ቀዳዳ ካለ እሱን እፈልጋለሁ፣ ከሌለም ሁለቴ አስባለሁ።

ማግኔቱ እምቢ ሲል ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ትንንሽ ፓውዛ ለመግጠም ወሰንኩ። እያንዳንዳቸው 18 ዋት ናቸው። ሁለቱ አብረው 36 ዋት፣ ለ12 ቮልት ሲካፈል 3 አምፒር ይመጣል። ባለ 5 አምፒር ፊውዝ ያዝኩ። ሽቦውን ከባትሪው አስነስቼ ሻንሲውን ተከትዬ እስከ ኋላ ወሰድኩት። ኤሌክትሪክ የሚሠራ ጓደኛዬ ቆሞ ሲያየኝ ነበር።

«ፊውዙን የት ልታስገባው ነው?» አለኝ።

«መብራቱ አጠገብ።»

«አይሆንም ወንድሜ። ፊውዝ የሚገባው ለመብራቱ አይደለም፣ ለሽቦው ነው። ባትሪው አጠገብ አድርገው።»

እንዳለኝ አደረግኩ። ከባትሪው አንድ ስንዝር ሳይርቅ።

ከወራት በኋላ አንድ ማታ ማብሪያውን ብጫን ጨለማ። ፊውዙ ተቃጥሏል። ቀየርኩት፣ ወዲያው ሄደ። በማግስቱ ሥሯ ገብቼ ሽቦውን በጣቴ እየዳበስኩ ተከተልኩት። መሀል ላይ፣ ሻንሲው ላይ የተበየደች አንዲት የብረት ጠርዝ አለች። ሽቦውን እሷ ላይ አሳልፌው ኖሯል። መኪናዋ በተንቀጠቀጠች ቁጥር ጠርዟ የሽቦውን ልባስ ስትፍቅ፣ ስትፍቅ ቆይታ መዳቡ ወጥቷል። የጥፍር ያህል ቦታ ናት። አጠገቧ ብረቱ ላይ ጥቁር ነጥብ አለ፣ ብልጭታው የመታው። እዚያው ተኝቼ ያቺን ነጥብ ትንሽ ቆየሁ እያየኋት። ፊውዙ እኔ እንዳሰብኩት መብራቱ ጋ ቢሆን ኖሮ፣ ከባትሪው እስከዚያች ጠርዝ ያለው ሽቦ በሙሉ የሚያስቆመው ነገር ሳይኖር ይግል ነበር። የነዳጅ መስመሩም በዚያው አካባቢ ነው የሚያልፈው። አሁን ሽቦው ከዳር እስከ ዳር የፕላስቲክ ቱቦ ለብሷል፣ በየስንዝሩ ታስሯል፣ ከማርሚታው ርቋል፣ ብረት በሚያልፍበት ቦታ ሁሉ ጎማ አለው።

ከዚያ ደግሞ ከፍታዋ መጣ። ከጎን ሲያዩዋት ፊቷ ከኋላዋ ዝቅ ይላል። ብዙ ፒክአፕ እንዲህ ነው። አፍንጫዋን የደፋች ትመስላለች፣ እኔም ይህ አልወደድኩላትም ነበር። የፊቱን የሚያነሳ ስፔሰር አለ፤ ሾክ አብዞርበሩ አናት ላይ የሚቀመጥ ወፍራም ቁራጭ። ገርሞኝ ነበር፣ ቁራጩ 5 ሴንቲ ሜትር አይሆንም፣ ግማሹን ያህል ነው። ሾኩ ከጎማው ወደ ውስጥ ጠጋ ብሎ ስለሚቆም ላይ የጨመርከው ጎማው ጋ ሲደርስ እጥፍ ይሆናል። ለመግጠም ሞላውን መፍታት አያስፈልግም። አናቱ ላይ መሀል ያለውን ዳዶ ደግሞ ጨርሶ አለመንካት ነው፤ የተጨመቀውን ሞላ ይዞ ያለው እሱ ነው፣ ከተፈታ ሰው ይገድላል። እኔ ዙሪያውን ያሉትን ብቻ ፈትቼ ገጠምኩ፣ ከዚያ አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቅጣጫ፣ አስያዝኩ።

አማረባት። ከፍ ያለ ጎማም ጨመርኩላት። ከፋብሪካ 275/65 ባለ 18 ኢንች ቸርኬ ነበረች፤ ወደ 275/70 ቀየርኩት። ቁጥሩን ለማያውቅ፦ 275 የጎማው ወርድ ነው በሚሊ ሜትር። 65 ደግሞ የጎኑ ቁመት ከወርዱ ስንት በመቶ እንደሆነ ነው። ሲሰላ የመጀመሪያው ጎማ ከላይ እስከ ታች 815 ሚሊ ሜትር ያህል፣ አዲሱ 842 ይሆናል። ጎማው ሲተልቅ በአንድ ዙር የሚሄደው ርቀት ይጨምራል፤ የፍጥነት መለኪያው ግን አያውቅም። 100 ሲል መኪናዋ ከ103 በላይ ላይ ናት። እኔም ለተወሰነ ጊዜ ሳላውቅ ነዳሁ።

ደስታዬ የቆየው ተሳቢ እስከሳብኩበት ማታ ድረስ ነው። ከፊቴ የሚመጣው ሁሉ መብራት ያበራብኛል። እኔ እኮ ረጅሙን አላበራሁም! አንዱ ጭራሽ ፍጥነቱን ቀንሶ ዳር ያዘ። ወርጄ ሳያት የኋላዋ በተሳቢው ክብደት ተጭኗል፣ የፊቷ ደግሞ በእኔ ስፔሰር ተነስቷል። አጭሩ መብራት የሰው ዓይን ላይ ነው የሚያርፈው። መሪውም ቀሎኝ ነበር፤ የፊት ጎማዎቹ መሬቱን እንደወትሮው አልጨበጡትም። አፍንጫዋን የምትደፋው ለምን እንደሆነ ያን ማታ ገባኝ። ባዶዋን ኋላዋ ከፍ የሚለው ሲጫንባት ባሌስትራው፣ ኋላዋን የሚሸከመው የብረት ንጣፍ፣ ተጭኖ እንድትስተካከል ነው። ሠሪዎቿ ለጭነት ያስቀመጡላትን ቦታ እኔ ለመልክ ስል አጠፋሁት። ለጊዜው መብራቷን ዝቅ አድርጌ አስተካከልኩና ተውኩት። ስፔሰሩን ለመንቀል ግን አልጨከንኩም፣ ልቤ እሱ ላይ ነበር።

የሾፌሩን በር ከፍታችሁ ጠርዙ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ከዚያ ማታ በፊት የጎማውን አየር መጠን ብቻ ነበር የማይበት። ሌላ መስመር አለው፦ የሰውና የዕቃ ክብደት አንድ ላይ ከዚህ መብለጥ የለበትም የሚል። የእኔ 765 ኪሎ ይላል። ብዙ ነው ብዬ ነበር። ወረቀትና እስኪርቢቶ ይዤ ቁጭ አልኩ። አራት ሰው በ75 ኪሎ፣ 300። ሳጥኑ ላይ የዘረጋሁት ወፍራም የጎማ ምንጣፍ፣ መሸፈኛው፣ የመሣሪያ ሳጥኔ ከነመሣሪያው፣ ይኸው ሌላ 120። የአዲሶቹ ጎማዎች ትርፍ ክብደት ሳይቀር ከዚሁ ይቀነሳል። 345 ኪሎ ቀረ፣ ምናልባትም ያነሰ። 2,000 ኪሎ ተሳቢ ስስብ ደግሞ መጋጠሚያው ላይ የሚያርፈው ከ10 እስከ 15 በመቶው ነው፤ 200 እስከ 300 ኪሎ ማለት ነው። እሱም ከዚህችው ቁጥር ነው የሚወጣው። መኪናዋ ትጎትታለች፣ ችግር የለም፤ የመጎተት አቅሟ ገና ብዙ ይቀረዋል። ቀድማ የምታልቀው ይህቺ የበር ጠርዝ ቁጥር ናት። መኪናዋ ላይ የማስረው እያንዳንዱ ነገር ለካ ከምትጭነው ላይ የሚቆረጥ ነው። ይህን ካሰላሁ ወዲህ የመሣሪያ ሳጥኔን ግማሹን ቤት አስቀምጫለሁ።

የኋላ መዝጊያው ላይ የገጠምኩት ሾክ ግን ይቆይልኝ። ክብደቱ እዚህ ግባ የማይባል ነው፣ ለመግጠም ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ድሮ ስከፍተው ዷ! ብሎ ይወርድ ነበር። አሁን ቀስ ብሎ፣ በራሱ ጊዜ ይወርዳል።

ስፔሰሩን ያስነቀለኝ ተሳቢው አይደለም፣ እማዬ ናት።

ሐኪም ቤት ላደርሳት ነበር። ጉልበቷን ያማታል። በሩን ከፈትኩላትና ዞሬ ቦታዬ ገባሁ። ቀና ስል ገና ውጭ ቆማለች። አንድ እግሯን ታነሳለች፣ አይደርስም። ቀሚሷን ሰብስባ በሌላው ትሞክራለች። እጇ በሩ ላይ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ እግሯን መሬት ላይ መልሳ፣ እኔ እንዳይከፋኝ ፈገግ ብላ፣

«ተወው ልጄ፣ በሌላ መኪና እሄዳለሁ፤ አንተ ሥራህን ያዝ» አለችኝ።

ወርጄ በሁለት እጄ ደግፌ አስገባኋት። መንገዱን ሙሉ አላወራሁም። በውስጤ ሴንቲ ሜትር እየቆጠርኩ ነበር። ስፔሰሩ ፊቷን 5 ሴንቲ ሜትር አነሳ። ጎማው ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ጨመረ። ስድስት ሴንቲ ሜትር ከፍ ያደረግኩባት እኔ ነኝ። ስንት ቅዳሜ ይህቺን መኪና ስዞር፣ ከጎን ስለካ፣ ከሩቅ ሳደንቅ፣ እማዬ በየት በኩል እንደምትወጣ አንድ ቀን አላሰብኩም።

በዚያው ሳምንት ስፔሰሩን ነቀልኩ። አላይመንቱን እንደገና አስያዝኩ፣ መብራቷንም ወደ ቦታው መለስኩ። ጎማው እስኪያልቅ ይቆያል፤ ሲያልቅ ወደ ፋብሪካው ልክ እመለሳለሁ። ከዚያ በሁለቱም ጎን መወጣጫ ገዛሁ። ክቡን ቧንቧ ሳይሆን ሰፊውንና ጠፍጣፋውን መረጥኩ፤ ክቡ በዝናብ ያንሸራትታል፣ የእግር መዳፍም አያሳርፍም። በአንድ ጎን ሦስት መያዣ አለው፣ ሁሉም ፋብሪካው በተወው ቀዳዳ ላይ ይታሰራል። አንድም ቦታ አልበሳሁም። ብሎኖቹን መጀመሪያ ሁሉንም በእጄ ብቻ አስገባሁ። አንዱን ቀድመህ ካጠበቅከው ሌላው ቀዳዳው ላይ አይገጥምልህም። ደረጃው ከበሩ ጋር ትይዩ መሆኑን ዓይኔን አስጠግቼ አየሁና ተራ በተራ አጠበቅኩ። በየዳዶው ላይ ከመያዣው ጋር የሚያገናኝ ነጭ የቀለም መስመር አሰመርኩ። ዳዶው ከላላ መስመሩ ይሰበራል፣ ጎንበስ ብሎ በማየት ብቻ ይታወቃል። ይህን ከጎማ ዳዶ ነው የተማርኩት። ጎማ ከተፈታ በኋላ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቼ ስድስቱንም ዳዶ በቶርክ መለኪያ ቁልፍ፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው፣ ደግሜ ማየት ልማዴ ነው። የእኔ መኪና 204 ኒውተን ሜትር ነው የሚፈልገው።

ይህ ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። ትናንት እማዬን ይዣት ወጣሁ። አልደገፍኳትም፣ ከኋላዋ ቆሜ ነበር። ቀኝ እግሯን ደረጃው ላይ አደረገች፣ ውስጥ ምሰሶው ላይ ያለውን መያዣ ያዘች፣ አንድ ትንፋሽ ወሰደች፣ ወጣች። ቀሚሷን አስተካክላ ተቀመጠችና «አሁን ሰው ሆነች መኪናህ» አለችኝ።

ዛሬ ጠዋት ሥሯ የገባሁት ነጮቹን መስመሮች ለማየት ነው። በሾፌሩ በኩል ሁሉም እንደተሰመሩ ናቸው። በእማዬ በኩል የመሀለኛው መያዣ አንዱ ዳዶ ላይ መስመሩ የፀጉር ያህል ተሰብሯል። ፈታሁት፣ አጸዳሁት፣ መልሼ አጠበቅኩና አዲስ መስመር አሰመርኩበት። የሚቀጥለው ሐሙስ ደግሞ ቀጠሮ አላት። ረቡዕ ማታ ጎንበስ ብዬ አየዋለሁ።