ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ጨለማ ነው፦ ቤት የገጣጠምኩትን ኮምፒውተር ያስነሳሁበት መንገድ

የገጣጠምኩት ቢ450 ማይክሮ ኤቲኤክስ ማዘርቦርድ፣ ራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰር፣ ባለ 8 ጊጋ ሁለት ዲዲአር4 ራም፣ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ፣ ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ፣ ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣ ዲስክ እና ቀድሞ ሌላ ቦርድ የታሰረበት ኬዝ ነው። አብዛኛው ዕቃ በሰው ሻንጣ የመጣ ነው። በሻንጣ የመጣ ዕቃ መመለሻ ስለሌለው «ቦርዱ ሞቷል» ብሎ ቶሎ መፍረድ ገንዘብ መጣል ነው። እዚህ ማሽን ውስጥ አንድም የሞተ ዕቃ አልነበረም። የነበረው ችግር ላይ ችግር ተደራርቦ አንዱ ሌላውን መሸፈኑ ነው።

«አይነሳም» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግርም፤ የት ላይ እንደቆመ ማየት ያስፈልጋል። ቁልፉ ሲጫን ምንም ካልተንቀሳቀሰ፣ ወይም ፋኑ ጥቂት ዞሮ ቀጥ ካለ ጉዳዩ የኃይል ነው። ፋኑ ሳያቋርጥ እየዞረ ምስል ካልመጣ ቦርዱ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን ወይም ግራፊክስ ካርዱን ማወቅ አቅቶታል። ባዮሱ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የቦርዱ ፕሮግራም) ታይቶ ዊንዶውስ ካልገባ ደግሞ የዲስክ ነገር ነው። የእኔው ሦስቱንም በተራ አሳይቶኛል።

መጀመሪያ ቁልፉን ስጫን ፋኑ ግማሽ ዙር ዞሮ ቆመ። ይህ ብዙ ጊዜ የሾርት ምልክት ነው፤ ፓወር ሰፕላዩ ይነሳል፣ ከልኩ ያለፈ ከረንት ሲያይ ራሱን ይዘጋል። ከተዘጋ በኋላ ከሶኬት ነቅሎ አንድ ደቂቃ ያህል መጠበቅ ይገባል። መከላከያው ተቆልፎ ስለሚቆይ ወዲያው ቢጫን ጭራሽ አይንቀሳቀስም፤ ይህን አይቶ «ተቃጠለ» የሚለው ሰው ብዙ ነው።

ፓወር ሰፕላዩን ለብቻው ፈተንኩት። ከሶኬት ነቅዬ፣ ከባለ 24 ፒኑ ማገናኛ ላይ 16ኛውን አረንጓዴ ሽቦ ከጎኑ ካለው ጥቁር ጋር በአጭር ሽቦ አገናኘሁ፤ ትንሽ ጭነት እንዲኖረው በሞሌክስ (ባለ 4 ፒን የኃይል ማገናኛ) የሚሠራ ፋን ሰካሁበት፤ ከዚያ በኋላ ነው መብራት የሰጠሁት። በቴስተር ስለካው ቢጫው 12.1፣ ቀዩ 5.05፣ ብርቱካናማው 3.33 ቮልት አሳየ። የሚፈቀደው ልዩነት ወደ ላይም ወደ ታችም 5 በመቶ ስለሆነ 12ቱ ከ11.4 እስከ 12.6 ድረስ ጤነኛ ነው። ሽቦዎቹ ሁሉ ጥቁር የሆኑበት ፓወር ሰፕላይ ላይ ግን የፒኑን ቁጥር በሥዕል ሳታረጋግጡ ምንም አታገናኙ። ይህ ፈተና ደግሞ «ይነሳል» ይላችኋል እንጂ «ከባድ ጭነት ይችላል» አይላችሁም። ከአሜሪካ የመጣ የቆየ ፓወር ሰፕላይ ከኋላው 115 እና 230 የተጻፈበት መቀየሪያ ካለው ከመሰካቱ በፊት 230 ላይ መሆኑን እዩ፤ 115 ላይ እንዳለ በእኛ 220 ቮልት ቢሰካ ወዲያው ይፈነዳል።

ፓወር ሰፕላዩ ደህና ስለነበር ቦርዱን ከኬዙ አወጣሁት። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ፈተና ይህ ነው፤ ብዙዎች ድካሙን ፈርተው የሚዘሉትም እሱን ነው። ቦርዱን በመጣበት ካርቶን ላይ አስቀመጥኩት። የመጣበት የብር ቀለም ላስቲክ ላይ ማስቀመጥ ግን አይሆንም፤ አንዳንዱ ላስቲክ ውጪው ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ቦርዱ ላይ የተውኩት ፕሮሰሰሩን ከነማቀዝቀዣው፣ አንድ ራም፣ ግራፊክስ ካርዱን፣ ባለ 24 ፒኑን እና የፕሮሰሰሩን ባለ 8 ፒን ገመድ ብቻ ነው። ዲስክ የለም፣ የኬዙ ዩኤስቢ የለም፣ የኬዙ ቁልፍም የለም። የማስነሻ ቁልፉ የሚሰካባቸውን ሁለት ፒኖች በካቻቢቴ ጫፍ ለአፍታ ነካኋቸው፤ ፋኑ ዞረ፣ አልቆመም።

ስለዚህ ሾርቱ ኬዙ ውስጥ ነበር ማለት ነው። ቦርዱን ገልብጬ በባትሪ ብርሃን ሳየው ከጀርባው አንድ ቦታ ላይ የብሎን ራስ የሚያህል ክብ ጭረት አለ። ኬዙ ላይ በዚያው ልክ ከድሮው ቦርድ የቀረ የናስ መቆሚያ (የቦርዱ ብሎን የሚታሰርበት) ቆሟል፤ አዲሱ ቦርድ እዚያ ቦታ ላይ ቀዳዳ የለውም። መቆሚያውን በፒንሳ ፈታሁት። ያገለገለ ኬዝ ስትገዙ መቆሚያዎቹን ሁሉ አውጥታችሁ የራሳችሁን ቦርድ ቀዳዳዎች ቆጥራችሁ መልሱ።

አሁን ፋኑ ይዞራል፤ ምስል ግን የለም። ቦርዱ ጥግ ላይ አራት ትንንሽ መብራቶች አሉ፤ የፕሮሰሰር፣ የራም፣ የግራፊክስ እና የዲስክ። የፕሮሰሰሩ በርቶ ቀረ። ያ መብራት ሲበራ የምጠረጥረው ሦስት ነገር ነው፤ ባለ 8 ፒኑ ገመድ፣ የተጣመመ ፒን እና አሮጌ ባዮስ።

ገመዱ በትክክል ገብቷል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የፕሮሰሰሩ ገመድ ለሁለት ሲከፈል 4 እና 4 ነው፣ የግራፊክሱ 6 እና 2 ነው። አሰላለፋቸው ስለሚለያይ በግድ አይገፋም። ተነቃይ ገመድ ያለውን ፓወር ሰፕላይ ከሌላ ፓወር ሰፕላይ በተወሰደ ገመድ መጠቀምም ዲስክና ቦርድ ያቃጥላል፤ ጫፉ ቢገጥምም ውስጡ አንድ አይደለም።

ፒኖቹን ለማየት ማቀዝቀዣውን ማንሳት ነበረብኝ። ኤኤም4 (የዚህ ፕሮሰሰር ሶኬት ዓይነት) ላይ ማቀዝቀዣው ቀጥታ ወደ ላይ ከተሳበ፣ በመካከል ያለው የደረቀ ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ፕሮሰሰሩን ከሶኬቱ መዝዞ ያወጣዋል፤ 1331 ፒኖች ያሉት ዕቃ ነው። ማቀዝቀዣውን በፀጉር ማድረቂያ ትንሽ አሙቄ ግራና ቀኝ በቀስታ አዞርኩት፤ ሲላላ ብቻ አነሳሁት። ፒኖቹ ሁሉ ቀጥ ያሉ ነበሩ። አሮጌውን ፔስት በአልኮል ጠርጌ የአተር ፍሬ ያህል አዲስ አድርጌ መለስኩት።

የቀረው ባዮሱ ነው። ቢ450 እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሲሆን 5600 ደግሞ የ2022 ፕሮሰሰር ነው። በመካከላቸው አራት ዓመት ስላለ ሱቅ ውስጥ የቆየ ቦርድ ፕሮሰሰሩን ባያውቀው አያስደንቅም። አምራቾቹ በየቦርዱ ገጽ ላይ የትኛው ፕሮሰሰር ከየትኛው ባዮስ ጀምሮ እንደሚሠራ ይዘረዝራሉ፤ ከመግዛታችሁ በፊት ያንን ሰንጠረዥ ተመልከቱ። የእኔ ቦርድ ከኋላው፣ ፕሮሰሰሩ ባይሠራም ባዮስ የሚጭን ቁልፍ አለው። ፍላሹን በፋት32 ፎርማት አደረግኩ፣ ፋይሉን ከዚፑ አውጥቼ መመሪያው በሚለው ስም ቀየርኩ፣ ምልክት ባለበት የዩኤስቢ ቀዳዳ ሰካሁ፣ ቁልፉን ተጫንኩ። መብራቱ አምስት ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ብሎ ጠፋ። ወዲያው ብልጭታው ከቆመ አብዛኛውን ጊዜ የስሙ ወይም የፎርማቱ ስህተት ነው። መብራት ስለሚሄድ ማሽኑን ከዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ጋር አገናኝቼው ነበር። በዚህ ቁልፍ የተጀመረ ጭነት ቢቋረጥ ብዙ ጊዜ መድገም ይቻላል፤ ከባዮሱ ውስጥ ሲጭኑ ቢቋረጥ ግን ቦርዱ ሊቀር ይችላል። ቁልፉ የሌለው ቦርድ ያላችሁ፣ ቦርዱ የሚያውቀውን አሮጌ ፕሮሰሰር ከጥገና ቤት ተውሶ ማዘመን ነው መንገዱ።

የፕሮሰሰሩ መብራት ጠፍቶ የራሙ በራ። ይህ አንድ እርምጃ ወደፊት እንጂ አዲስ ብልሽት አይደለም። የቦርዱ ራም መቆለፊያ በአንድ በኩል ብቻ ነው፤ በዚያ በኩል ቀጭ ብሏል፣ ባልተቆለፈው ጫፍ ግን አንድ ሚሊሜትር ያህል ወርቃማ ፒን ይታያል። አውጥቼ ፒኖቹን በንጹሕ ነጭ ላጲስ ጠረግኩ፣ ፍርፋሪውን አራገፍኩ፣ ሁለቱንም ጫፍ በአውራ ጣት እኩል ተጫንኩ። ሁለት ራም ሲሆን ከፕሮሰሰሩ በኩል ሲቆጠር 2ኛውና 4ኛው ቦታ ነው የሚገባው፤ አንድ ብቻ ከሆነ 2ኛው። ከዚያ መታገስ ነው። አዲስ ባዮስ ራሙን ሲለማመድ ማሽኑ ራሱን አንድ ሁለት ጊዜ ሊያጠፋና ሊያበራ ይችላል፤ ዲዲአር5 ላይ ደግሞ ብዙ ደቂቃ ይወስዳል። በዚህ መካከል ሶኬት መንቀል ሥራውን ከዜሮ ያስጀምረዋል።

ምስሉ መጣ። የኤችዲኤምአይ ገመዱ ግራፊክስ ካርዱ ላይ መሆን አለበት፤ 5600 የራሱ ግራፊክስ ስለሌለው የማዘርቦርዱ ቀዳዳ ባዶ ነው። ቀዳዳው የሚሠራው የራሱ ግራፊክስ ባለው 5600ጂ ነው።

ዲስኩ በባዮስ ውስጥ ይታያል፣ በማስነሻ ዝርዝሩ ግን የለም። አሮጌው ዊንዶውስ በኤምቢአር (በድሮው የዲስክ አከፋፈል) የተጫነ ነበር፤ ቦርዱ ደግሞ ዩኢኤፍአይ (አዲሱ የማስነሻ ዘዴ) ብቻ ላይ ተቀምጧል። ለጊዜው ሲኤስኤምን (ባዮሱ ውስጥ ያለውን የድሮ ዘዴ ማስነሻ) አብርቼ አስነሳሁት፣ ፋይሎቹን ገልብጬ ዊንዶውሱን በጂፒቲ (በአዲሱ የዲስክ አከፋፈል) እንደገና ጫንኩ።

ኤክስኤምፒን (ራሙን በተሠራበት ከፍተኛ ፍጥነት የሚያሠራ የባዮስ ምርጫ) ያበራሁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ራሙ በራሱ ዝቅተኛ ፍጥነት ቢሠራ ይሻላል። በ3200 የራም ፍጥነት ላይ መምቴስት (የራም መፈተሻ ፕሮግራም) አራት ዙር ያለ ስህተት ሲጨርስ የኬዙን ክዳን ዘጋሁ።