ለጊዜው

ቅዳሜ ጠዋት መብራት ሄደ። እማዬ ሦስተኛውን እንጀራ አዙራ አክንባሎውን ከመክደኗ። እሱስ ምጣዱ ላይ በቀረው ሙቀት እንደምንም ወጣ፤ ግን ገና ግማሽ ባልዲ ሊጥ አለ፣ አብሲቱ ገብቶ ኩፍ ብሏል፣ ለምሳ ደግሞ እንግዳ አለብን።

«ዳቦ ልግዛ?» አልኳት። መልስ የለም። ጋዙን ለኮሰች፣ እንቁላል የምንጠብስባትን የማትይዝ መጥበሻ ጣደች፣ ሊጡን በሻይ ማንቆርቆሪያ ቀድታ ከዳር ወደ መሃል እያዞረች አፈሰሰችና፣ አክንባሎው ለመጥበሻ ስለማይሆን የድስት ክዳን ደፋችበት። የመጀመሪያው አረረ። ለእኔ ተሰጠ። ሁለተኛው ላይ እሳቱን ቀነሰች። ሦስተኛው ዓይን አወጣ! ሳህን የምታክል፣ ግን የለየላት እንጀራ።

ፈጠራ ልበለው ብዬ ነበር፣ ቃሉ ከበደኝ። መላ ይሻላል። እማዬ መላ አታጣም።

አዝማሪ ትዝ አለኝ። አንዴ ካዛንቺስ አዝማሪ ቤት ጓደኞቼ ገፋፍተውኝ «ተቀበል!» ብዬ ግጥም ሰጠሁ። ቤት አይመታም፣ ርዝመቱም ከዜማው አልፎ ይሄዳል፣ እኔ ራሴ መሃል ላይ ጠፋብኝ። ሰውዬው ማሲንቆውን ሳያቋርጥ ፈገግ አለና ሁለት ቃል ጎርዶ፣ አንዱን ከፊት ወደ ኋላ ወስዶ አሳምሮ ዘፈነልኝ። አልበቃውም፣ ስለ ጫማዬም የራሱን ጨመረበት። ቤቱ ሙሉ አውካካ።

ያኔ «ከየት አመጣው?» ብዬ ነበር። ኋላ ሳስበው ብዙው ድሮም እሱ ጋ ነበር። የወል ቤት የሚባለው የግጥም ዓይነት አንዱ ስንኝ 12 ቀለም (ክፍለ ቃል) ነው፣ ስድስት ስድስት ሆኖ ይከፈላል፤ ይህ በጆሮው የተቀመጠ ሰው የቀረው ጫማዬን ማየት ብቻ ነው። እማዬም መጥበሻ ላይ የደረሰችው ስንት ሺህ እንጀራ ጋግራ ነው። እኔ ብሞክረው ያቺ ያረረችው የመጀመሪያዋ ነበረች የምትደጋገመው።

ደግሞ መላን እንዲሁ ማሞገስ አልፈልግም። የግቢያችን ቧንቧ ሲያፈስ አባዬ በብስክሌት ጎማ ቁራጭ «ለጊዜው» ብሎ አሰረው። ይኸው አራት ዓመቱ። ከሥሩ ባልዲ አለ፣ ባልዲውን የሚደፋ ተረኛ አለ፣ ቧንቧ ሠራተኛ የሚባል ነገር ግን ማንም አንስቶ አያውቅም። እንደምንም ከሠራ ማን ይነካዋል?

መብራቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጣ። እንግዶቹ በልተው፣ መርቀው ሄደዋል። የእህቴ ልጅ ግን ከዚያ ወዲህ ትልቁን እንጀራ አልበላም ብላለች፣ «የኔን ልክ» ነው የምትለው። እማዬም መጥበሻዋን ለእሷ ለይታ አስቀምጣለች። እንቁላል ለጊዜው በድስት ነው የምንጠብሰው።